በእጅ የተለካ ራስ

እኔ ፍርሃት አጥቼ የማላውቅ ሴት ነኝ። ነፋስ ሲነሳ የጣራችን ቆርቆሮ ይገነጠላል ብዬ እፈራለሁ፤ ነፋሱ ሲቆም ደግሞ ምን አድብቶ ነው ዝም ያለው እላለሁ። የልጅ ልጄ መሮ ስትይዝ ለጣቷ፣ መጋዝ ስትይዝ ለክንዷ፣ ባዶ እጇን ተቀምጣ መስኮት መስኮት ስታይ ደግሞ ለልቧ እሰጋለሁ። «እቴቴ፣ ፍርሃት ትምህርት ቢሆን እኮ አንቺ ይሄኔ ዶክተር ነበርሽ» ትለኛለች። እኔ ከአምስተኛ ክፍል አላለፍሁም፤ በዚህኛው ትምህርት ግን ክፍል ደግሜ አላውቅም።

ታዲያ በዚያ ማክሰኞ ከፈራሁት አንዱም አልደረሰም። የደረሰው ያልፈራሁት ነው። እሱንም ጠቅልዬ፣ በሲባጎ አስሬ፣ «አደራ እንዳይወድቅብሽ» ብዬ በገዛ እጄ የላክሁት እኔው ነኝ።

ቤታችን ሁለት ክፍል ናት። በውስጠኛው እንኖራለን፤ በውጪኛው የእንጨት ራስ ይሠራል። የእንጨት ራስ ማለቴ የባርኔጣ ፎርማ ነው። ባርኔጣ ሠሪው ሱፉን በእንፋሎት አለስልሶ የሚወጥርበት፣ የሰው ራስ የሚያህል፣ ዓይንና አፍ ብቻ የጎደለው እንጨት። ባሌ አርባ ዓመት ሠራው። ሲሞት መሮውና ሞረዱ ለልጅ ልጃችን ቀረ። ገና በአሥር ዓመቷ ከጉልበቱ ሥር ቁጭ ብላ ፍቅፋቂ እየለቀመች ያደገች ልጅ ናት። ዛሬ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ እጇም ከአያቷ እጅ ይበልጣል። ይህን እሱ በሕይወት ሳለ ተናግሬው ቢሆን ሦስት ቀን ያኮርፈኝ ነበር።

የምንሠራው ለአንድ ቤት ብቻ ነው፤ መንገዱ ሽቅብ ወጥቶ ከሚያልቅበት ላይ ላለው ባለ ትልቅ መስታወት ባርኔጣ ቤት። ከደጃችን እስከዚያ መቶ ሰማንያ እርምጃ ነው፤ ግን የነሱ ወለል ከእኛ ጣራ በላይ ነው። ባለባርኔጣው ለእያንዳንዱ ደንበኛ በትንሽ ወረቀት ላይ ሦስት ቁጥር ጽፎ ይልካል፦ የራስ ዙሪያ፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ፣ ከግንባር እስከ ማጅራት። እኛ በዚያ ቁጥር እንጨቱን ራስ እናደርገዋለን። ወረቀቱን የሚያመጣው ልጁ ነው።

ልጁን ሰው ሁሉ ዘንበሌ ይለዋል። የባርኔጣ ቤት ልጅ ሆኖ ባርኔጣ ራሱ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦለት አያውቅም፤ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። አባቱ በደንበኛ ፊት ሳይቀር «አቅና!» ይለዋል። ያቀናዋል። ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ተመልሶ ይዘነብላል። ለአባትየው ይህ እንደ ስድብ ነበር፤ የዳቦ ጋጋሪ ልጅ በረሃብ ከስቶ መንገድ ላይ እንደመታየት።

ዘንበሌ ወረቀት ሊያመጣ ሲመጣ እኔ ሁለቱን ክፍል ከሚለየው መጋረጃ ወዲህ ሆኜ ሹራብ እሠራ ነበር። ለምን እንደምቀመጥ አልደብቅም፤ እጠብቅ ነበር። የልጅ ልጄን እናት የበላብኝ እንዲሁ ከበላያችን ያለ ሌላ ቤት ነው። የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት ልጄ አንዱን ባለፎቅ ወዳ ስትስቅ ወጣች፤ በሰባት ወሯ አንድ ጥቅል ልብስ በክንዷ፣ አንድ ልጅ በሆዷ ይዛ እዚሁ በራችን ላይ ቆመች። «ግቢ» እስክላት ድረስ አልገባችም። ከወለደች በኋላ ብዙ አልቆየችም። ስለዚህ ሽቅብ የሚወስድ መንገድ ሳይ ጉልበቴ ብቻ አይደለም የሚንቀጠቀጠው።

* * *

በዚያ ማክሰኞ ወረቀቱን ያመጣችው ጠርዝ ሰፊዋ ናት፤ የባርኔጣውን ክፈፍ የምትሰፋው ሴትዮ። መርፌዋን ከንፈሯ ላይ ሰክታም እንኳ ወሬ አያመልጣትም። የልጅ ልጄ እንጨት ልትመርጥ ወደ መጋዘን ሄዳ ነበር። ጠርዝ ሰፊዋ በርጩማ ስባ ተቀመጠችና፣ ዘንበሌ ራሱ እንዳይመጣ አባቱ እንደከለከለው፣ ወረቀቱንም ደጃፍ ድረስ ተከትሎ እንደሰጣት፣ ፊቱም የተቀቀለ ሱፍ እንደሚመስል ነገረችኝ። ምን ሆኖ ነው ብዬ ጠየቅሁ።

«ሊድሩት ነዋ! የጨርቅ ነጋዴውን ልጅ። ሁለቱ ሱቆች ግድግዳ ይጋራሉ፤ እንግዲህ ልጆቹም ትራስ ይጋሩ ተባለ።»

ወረቀቱን አየሁት። ሃምሳ ስምንት፣ ሠላሳ አምስት፣ ሠላሳ ሰባት። ከሥሩ በባለባርኔጣው ወፍራም ጽሑፍ፦ «ለልጄ ራስ። ለሠርጉ።»

የዚያን ቤት ልማድ ባሌ ነግሮኛል። የቤቱ ወንድ ልጅ የሚዳረው በገዛ ራሱ ፎርማ ላይ የተወጠረ ባርኔጣ አድርጎ ነው። የአባቱም የአያቱም የእንጨት ራስ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ፎርማው ሳይደርስ የሠርግ ቀን አይቆረጥም።

እስቲ አስቡት። የልጅ ልጄ ያንን ራስ በሁለት ጉልበቷ መሐል አጣብቃ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትፍቀው፣ ስትዳስሰው፣ በብርጭቆ ወረቀት ስታለሰልሰው። ለሌላ ሴት ሠርግ። እንደምትወደው ነግራኝ አታውቅም፤ ግን እሱ የመጣ ቀን ሞረዷ እንደሚዘፍን፣ ያልመጣ ቀን እንደሚያለቅስ ጆሮ ያለው ሁሉ ያውቃል። አይሆንም አልሁ። ይህን ወረቀት አታየውም።

ወዲያው አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ባለፈው ሳምንት አቧራ ስጠርግ ከእንጨቱ ክምር ጀርባ በባሌ አሮጌ ሹራብ የተጠቀለለ፣ ሥራው ያለቀ አንድ ራስ አይቼ ነበር። የተበላሸ ትእዛዝ ነው ብዬ ትቼዋለሁ። አሁን አወጣሁት። ሜትሩን ዙሪያውን ጠመጠምሁበት፤ ሃምሳ ስምንት። ከጆሮ እስከ ጆሮ ሠላሳ አምስት። ከግንባር እስከ ማጅራት ሠላሳ ሰባት። አምላክ ለልጄ ብሎ ያስቀመጠው ነው አልሁ። በጨርቅ ጠቅልዬ ለጠርዝ ሰፊዋ ሰጠኋት። እሷም «ውይ፣ ዛሬውኑ? እናንተ ደግሞ ራስ ታበቅላላችሁ እንዴ?» እያለች እየሳቀች ሽቅብ ወጣች። ወረቀቱን አጥፌ ደረቴ ውስጥ ከተትሁት።

ስንት ዓመት ከፈራሁት ነገር አንዱን በገዛ እጄ ከደጄ መለስሁት ብዬ፣ ቀለል ብሎኝ ሹራቤን አነሳሁ። እንዲህ ቀለል ሲለኝ መፍራት ነበረብኝ።

* * *

የልጅ ልጄ እንጨቷን በትከሻዋ ተሸክማ ገባች። እንደ ልማዷ አስቀመጠችው፣ በጣቷ መታ መታ አድርጋ ድምፁን ሰማች፣ አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተችው። እኔ ውኃ አቀረብሁላት፣ ወንበር አቀረብሁላት፣ ስለ ጫማዋ ጠየቅኋት። ጠርጣራ ናት፤ «ምን ሰብረሽ ነው?» አለችኝ። ምንም አልሰበርሁም አልሁ። አዲሱን እንጨት ልታቆም ከክምሩ ጀርባ ሄደች።

ክምሩን ስታገላብጥ ሰማኋት።

ስትመለስ ባዶውን ሹራብ በሁለት እጇ ይዛዋለች፤ ልክ ሕፃን የነበረበትን ጨርቅ እንደሚይዙት።

«እቴቴ፣ እዚህ ውስጥ የነበረውስ?»

መጀመሪያ ዋሸሁ፤ አላየሁም አልሁ። ከዚያ ፊቷን አየሁና ሁሉንም ነገርኋት። ትእዛዙን፣ ሠርጉን፣ የጨርቅ ነጋዴውን ልጅ፣ ሦስቱ ቁጥሮች እንዴት አንድ በአንድ እንደገጠሙ። ስለ ሠርጉ ስነግራት አላለቀሰችም። ስለ ቁጥሮቹ ስነግራት ግን ፍቅፋቂው ላይ ቁጭ አለች።

«ቁጥሩማ ይገጥማል። ቁጥር ለስንቱ ይገጥማል። ያኛው ግን በቁጥር አልተሠራም፤ በእጄ ነው የሠራሁት።»

አልገባኝም። ቀስ አድርጋ፣ ዓይኗን ከሹራቡ ሳታነሳ ነገረችኝ። ዘንበሌ አንድ ቀን እዚሁ በርጩማው ላይ ተቀምጦ፣ ባርኔጣ ለምን እንደማይቀናለት በመላ ሕይወቱ እንዳልገባው፣ አባቱም ሆን ብሎ የሚያዘነብለው እንደሚመስላቸው አጫወታት። እሷም ባርኔጣውን አውልቃ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ራሱን በሁለት እጇ ዳሰሰችው፤ እንጨት እንደምትዳስሰው። ከቀኝ ጆሮው በላይ፣ በጸጉሩ ሥር፣ አውራ ጣት የምታስገባ ጎድጓዳ አገኘች። ሜትር እሷን ዘሎ ያልፋታል፤ ባርኔጣ ግን ይሰምጥባታል። ለዚህ ነው የሚዘነብለው። ሌላ ቀን እንደገና ዳሰሰችው። ሌላም ቀን። ከዚያ እሱ በሌለበት፣ እጇ ያስታወሰውን ሁሉ ለማንም በማይሰጥ እንጨት ላይ አወረደችው።

«እኔ ታዲያ የት ነበርሁ?» አልሁ።

«መጋረጃው ጀርባ። ሹራብ ስትሠሪ።»

ያ ጸጥታ ትዝ አለኝ። መሮ ወድቆ እግሯን እንዳይመታት ጆሮዬን ቀስሬ የተቀመጥሁባቸው፣ ምንም የማይሰማባቸው ከሰዓት በኋላዎች። ይኸው የእኔ ዘብነት።

«አባቱ ባርኔጣ ሠሪ ናቸው» አለች። «እጃቸውን ጣል ሲያደርጉበት ያውቁታል። ልጃቸው ራስ ላይ እጁን ሳያሳርፍ ማንም ያንን ሊሠራ እንደማይችል ያውቃሉ።» ከዚያ ድንገት ቀና አለች። «ወረቀቱስ የት አለ?»

ከደረቴ አውጥቼ ሰጠኋት። የአባትየውን ጽሑፍ ለማየት እንኳ አልሞከረችም፤ ወዲያው ገለበጠችው። አነበበች። መልሳ ዘረጋችልኝ። በጀርባው፣ በእርሳስ፣ በደቃቅ ፊደል እንዲህ ይላል፦

«አባዬ ቃል የሰጠው እኔን ሳይጠይቅ ነው። ፎርማው ካልደረሰ ቀን አይቆረጥም፤ ስለዚህ ራሴን አትላኪለት። እንጨት ጠፋ በይ፣ እጄን አመመኝ በይ፣ የፈለግሽውን በይ። እስክነግረው ድረስ ጊዜ አግኚልኝ። እኔ እንደ አያትሽ ፈሪ ነኝ። ግን ፈሪም ይወዳል።»

የብስኩት ቆርቆሮዋን አሰብሁ። የቆዩ የትእዛዝ ወረቀቶችን በሥርዓት ደርድራ የምታስቀምጥበትን። ጎበዝ ልጅ፣ ሥራዋን የምታከብር እያልሁ ስመካባት ኖሬ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ ቤት የገባውን ወረቀት ሁሉ በአንድ ፊቱ ብቻ ሳነብ ኖሬአለሁ። ጊዜ እንድታገኝለት የለመናትን ሰው ራስ፣ ሥራው ያለቀ፣ የለሰለሰ፣ በዚያው ቀን ለአባቱ የላክሁለት እኔ ነኝ።

ይቅር በይኝ ለማለት እንኳ አፌን መክፈት ፈራሁ።

* * *

ፎርማውን ልናስመልስ ሽቅብ ስንወጣ ክንዷን ይዤ ነበር። እሷን ለመደገፍ ነው ብዬ ነው የያዝሁት። በመንገድ ላይ ውሸቴን አዘጋጀሁ፦ እንጨቱ ትል የበላው ነው፣ የቆየ ነው፣ በስሕተት ነው የተላከው፣ መልሱልን፣ በሁለት ሳምንት ሌላ እናመጣለን። እርምጃ በቆጠርሁ ቁጥር ውሸቱ የሚያምር፣ እኔ ደግሞ የምቀል ይመስለኝ ነበር።

በጓሮ በር ገባን። የሥራው ክፍል በእንፋሎት ደብዝዟል፤ እርጥብ ሱፍ ይሸታል። ጠርዝ ሰፊዋ ጥግ ላይ ክፈፍ ይዛ ተቀምጣለች፤ መርፌዋ አይንቀሳቀስም፣ አፏም አይንቀሳቀስም። ከሁሉ በላይ ያስፈራኝ ይህ ነው። ዘንበሌ ከመደርደሪያው ሥር ባርኔጣ ሳያደርግ ቆሟል።

ባለባርኔጣው ጀርባውን ሰጥቶን ነበር። ያ የእንጨት ራስ ጠረጴዛው ላይ ቆሞ፣ ግራጫ እርጥብ ሱፍ ተወጥሮበት፣ ግንባሩ ላይ በገመድ ታስሯል። ባለባርኔጣው ሁለት እጆቹን ከእንጨቱ አናት ጀምሮ ቁልቁል ያወርዳቸዋል። ግራ እጁ እስከ ገመዱ ይወርዳል። ቀኝ እጁ ከጆሮው በላይ ሲደርስ ይቆማል። ያነሳቸዋል፣ እንደገና ያወርዳቸዋል። እዚያችው ቦታ ላይ ይቆማል።

እኔም ማንም ሳይጠይቀኝ ጀመርሁ። ትሉን፣ ስሕተቱን፣ ሁለት ሳምንቱን። ዞሮ በእርጋታ አየኝ።

«እትዬ፣» አለኝ፣ «ትል አውራ ጣት የለውም።»

ከዚያ ዓይኑ ከእኔ አልፎ ልጄ ላይ አረፈ። ማን እንደሠራው ጠየቀ። «እኔ ነኝ» አለች። በየትኛው ቁጥር እንደሠራችው ጠየቀ።

«በቁጥር አይደለም፤ በእጄ ነው።»

ባለባርኔጣው ወደ ልጁ ዞረ፤ ልጁ ዓይኑን አልሰበረም፣ ግን ፊቱ ነጭ ሆኗል። ሁሉም ነገር እዚያ ክፍል ውስጥ ምንም ሳይባል ተባለ። ባለባርኔጣው ድምፁን አልጨመረም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«እናንተ ቤት የምልከው ራስ እንድትሠሩልኝ ነው» አለ። «ልጄን እንድትሠሩልኝ አይደለም።» ከዛሬ ጀምሮ ፎርማ ከሌላ ቦታ እንደሚያስመጣ፣ ልጁንም እስከ ሠርጉ ድረስ አጎቱ ዘንድ ሌላ ከተማ እንደሚልከው፣ እኛም በዚህ በር ዳግመኛ እንዳንገባ ቁጥር እንደሚያነብ ሰው አንድ በአንድ ዘረዘረ።

በሩን አየሁ። እምላለሁ፣ ልጄን ነው ያየሁት፤ ያቺን የሞተችውን፣ ጥቅሏን በክንዷ አንጠልጥላ፣ ግቢ እስክላት የምትጠብቀውን። እንሂድ አልሁና የልጅ ልጄን እጅ ሳብሁ። አልተሳበችም። እጇን ከእጄ አወጣች፤ ቀስ ብላ፣ ሳታሳምመኝ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ» አለች። «እንሄዳለን። ከመሄዳችን በፊት ያንን ሱፍ ራሱ ላይ ያድርጉለት።»

«ገና እርጥብ ነው።»

«እርጥቡን ያድርጉለት።»

ለምን እሺ እንዳላት ዛሬም አላውቅም። የሙያ ነገር ይሆናል፤ ባርኔጣ ሠሪ የወጠረውን ባርኔጣ ሳያይ መተው አይሆንለትም። ገመዱን ፈታ፣ ሱፉን ከእንጨቱ አላቀቀ፣ በሁለት እጁ ይዞ ልጁ ፊት ቆመ። ዘንበሌ ትንሽ ጎንበስ አለ። አባትየው አደረገለትና እንደ ልማዱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰ። ውኃው በልጁ አንገት ላይ ይወርዳል።

«አቅ...» አለ አባትየው።

ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ። የሚቀና ነገር አልነበረም። ባርኔጣው ቀጥ ብሏል።

ዘንበሌ ሁለት እርምጃ ተራመደ፣ ወደ ግድግዳው መስታወት። ባርኔጣው አልተነቃነቀም። እዚያ ቆሞ ራሱን ሲያይ ከንፈሩ እንደ ሕፃን ተንቀጠቀጠ። አባትየው ከኋላው መጥቶ እርጥቡን ሱፍ አነሳና ጣቱን ጸጉሩ ውስጥ ከተተ። ፈለገ። አገኘ።

«ይህች ምንድን ናት?»

ዘንበሌ ከመስታወቱ ሳይዞር ነገረው። ስድስት ዓመቱ ሳለ፣ አባቱ ለገበያ በወጣበት፣ ከእንፋሎቱ በርሜል ጎን ካለው መሰላል ወድቋል። መውጣት ተከልክሎ ስለነበር እናቱ ደሙን በእርጥብ ሱፍ ይዛ ለአባትህ አንነግርም አለችው። ከዚያ በኋላ ጸጉሩን ሁልጊዜ በዚያ በኩል ታበጥርለት ነበር። «እሷ ከሞተች ወዲህ ማንም አልነካትም» አለ። «ከዚህች ልጅ በቀር።»

ባለባርኔጣው እጁን ከልጁ ራስ ላይ አላነሳም። የመንደሩን ወንድ ራስ ሁሉ በቃሉ የሚያውቅ ሰው፣ የገዛ ልጁን ሃያ ዓመት በሙሉ አቅና ሲል የኖረ ሰው፣ አሁን ጣቱን ከዚያች ጎድጓዳ ማውጣት አቃተው። ትከሻው ወረደ። በዚያች ቅጽበት ከእኔ የሚያንስ መሰለኝ፤ ወንድሜ ይመስል አዘንሁለት።

ያን ጊዜ ነው ፈሪው ልጅ የተናገረው። «አባዬ፣ የጨርቅ ነጋዴውን ልጅ አላገባም።» ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልጨመረም። ድምፁ ተንቀጥቅጧል፤ ግን ወጥቷል። እኔ በሰባ ዓመቴ እንደዚያ ያለ ዓረፍተ ነገር አውጥቼ አላውቅም።

ባለባርኔጣው ቃል ሰጥቻለሁ አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። ቀጥሎም ነጋዴው እንደሚያዋርደው፣ ግድግዳ የሚጋራ ጎረቤት ሲያኮርፍ ደግሞ ኩርፊያው ሌሊትና ቀን እንደሚሰማ አጉረመረመ። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ የእንጨቱን ራስ አነሳና ገልብጦ ሥሩን አየ። የእያንዳንዱ ፎርማ ሥር የባለቤቱ ምልክት ይቀረጽበታል፤ የዚያ ቤት ምልክት አንዲት ቅጠል ናት።

«ምልክት የለውም» አለ።

«የማን ቤት እንደሚሆን አላወቅሁም» አለች ልጄ።

እንጨቱን ዘረጋላት። «ቅጠሏን ቅረጪበት። ነገ ማለዳ ቃሌን ልመልስ እሄዳለሁ። ከዚያ ወዲያ እናንተ ቤት እመጣለሁ፤ ከአያትሽ ጋር የምንነጋገረው አለ።»

ጠርዝ ሰፊዋ ከጥግ፣ አፍንጫዋን እየጠረገች፣ «እንግዲህ ሌላ ቅጽል ስም እንፈልግለታ» አለች። ሁላችንም ሳቅን። እኔ እየሳቅሁ ግድግዳውን ያዝሁ። ከፍርሃት የወጣ ሰው ሳቁ ራሱ ያስፈራል።

* * *

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ባለባርኔጣው መጥቶ ሄደ። እንግድነት እንደጀመረ ሰው ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ በዚያች በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ የልጅ ልጄን ለልጁ ጠየቀኝ። እሺ አልሁ። ምን ልል እችል ነበር? ሲወጣ ደግሞ እኔው ነኝ ደረጃው እንዳያንሸራትትዎ ይጠንቀቁ ያልሁት።

ልጄ ቅጠሏን ቀርጻ ጨርሳ ነበር። እጇን ሳትታጠብ፣ የእንጨት ብናኝ እንደለበሰ፣ ከኋላዬ መጥታ ነጠላዬን ከራሴ ላይ አወረደች።

«ምን ሆንሽ?»

«አትንቀሳቀሺ፣ እቴቴ።»

ሁለት እጆቿን ራሴ ላይ አሳረፈች። ባሌ ከሞተ ወዲህ ራሴን የነካው የለም። ጣቶቿ ከግንባሬ ተነስተው በሽበቴ መሐል ቀስ እያሉ ሄዱ፤ ከጆሮዬ በላይ ቆሙ፣ ወደ ማጅራቴ ወረዱ፣ ተመለሱ። አንዲት እብጠት ላይ ደረሰች፤ ሰባ ዓመት ይዣት ስዞር እኔ የማላውቃት። አውራ ጣቷን እዚያ ላይ አቆየች። ዓይኗን እንደጨፈነች ሳላይ አወቅሁ።

«እኔ ባርኔጣ አላደርግ፣ ምን ይሠራልሻል?» አልኋት።

ከእሱ ፎርማ የተረፈ፣ ከዚያው ግንድ የተቆረጠ እንጨት በሞርሳው ላይ ታስሮ ይጠብቃል። ያን ጊዜ ገባኝ። ሰው በእጁ የሚለካው ሊለየው ያለውን ነው።

መቶ ሰማንያ እርምጃ ነው፤ ስንት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ። ግን ሽቅብ ነው። ጣራውን ስፈራ፣ መሮውን ስፈራ፣ ያንን ቤት ስፈራ ኖሬ፣ ይህችን ክፍል ያለ ሞረድ ድምፅ አስቤአት አላውቅም ነበር። መጋረጃውን አየሁት፤ ከእንግዲህ ከጀርባው ሆኜ የምጠብቃት ሰው የለችም።

ፈራሁ። ራሴን ግን አላነቃነቅሁም፤ ልኬቱ እንዳይበላሽባት።